አንደኛ ማርሽ ላይ የቆመው ፒካፕ

ኢንስፔክተር አምለሰት ከየካ ሚካኤል በላይ ያለውን ዳገት ጨርሳ ጋራዡ ስትደርስ፣ የመካኒኩ የፀሐዬ አስከሬን ከፒካፑ ሥር ወጥቶ ሸራ ለብሶ ነበር። ለሰኞ ጠዋት ይህን ያህል ዳገት ይበዛል። ጡረታዋ ሰባት ወር ቀርቶታል፤ ጉልበቷ ግን ያን ያህል የሚጠብቅ አይመስልም።

ፒካፑ ፎር ባይ ፎር አይደለም፤ የሚገፋው የኋላ ጎማው ብቻ ነው። የእንጦጦን ጭቃ እንዲወጣ ተብሎ ግን አካሉ ከፍ ተደርጓል፤ ትልልቅ ጎማም ተገጥሞለታል። ከማንሻው ከክሪኩ ላይ ወድቆ፣ ቁልቁል ሁለት እርምጃ ያህል ተንሸራትቶ አጥሩን ተደግፏል።

አስከሬኑን ያገኘው የፀሐዬ ሸሪክ ማቲዎስ ነው። ሦስት ቀን አዳማ ሰንብቶ መመለሱን፣ ግቢውን ሲከፍት ፀሐዬን ከመኪናው ሥር ማየቱን፣ ከዚያም መኪናውን ሳይነካ፣ በሩንም ሳይከፍት ፖሊስ መጠበቁን ተናግሯል። ኮንስታብል ፉፋ ይህን ሁሉ ጽፎ አስፈርሞታል።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አላት ማቲዎስ። «አንዱ የኋላ ጎማ በክሪክ ተነሥቶ ነበር። ማርሹ አንደኛ ላይ ነው፤ ግን እንዲህ ያለ መኪና አንድ ጎማው አየር ላይ ከሆነ ማርሽ አይይዘውም። የተነሣው በባዶ ይዞራል፣ መሬት ላይ ያለው ቁልቁል ይንከባለላል።»

«የእጅ ፍሬኑስ?»

«መኪናው ከፍ ሲል ገመዱ አጠረና ተፈታ። የቀረው ታኮ ነበር፤ ጎማው ሥር የሚገባ አንድ ድንጋይ። ፍሮምሳ መኪናውን አንሥቶ ታኮ ሳያደርግ ሄዷል።»

ፍሮምሳ የጋራዡ በያጅ ነው። አምለሰት ወደ ሾፌሩ በር ሄደች። መስኮቱ ከራሷ በላይ ነበር። የፉፋን ትከሻ ይዛ ጎማው ላይ ወጣችና ወደ ጋቢናው ተመለከተች። ማርሹ እውነትም አንደኛ ላይ ነበር። ወርዳ ጉልበቷን አሸችና ደብተሯ ላይ አንድ መስመር ጻፈች።

የሟቹ ሚስት ዓለም ቤቷ ከጋራዡ በታች ነው። ጠዋት ባሏን ቁርስ አብልታ እንደተመለሰች፣ ያኔ ፍሮምሳ መኪናውን አንሥቶ የብየዳ ዘንግ ሊገዛ ወደ ሾላ እየሄደ እንደነበር ነገረቻት። ከዚያ በኋላ ያየችው ሰው የለም። ፍሮምሳ ዘንጉን ይዞ ሲመለስ ግን በር ላይ ጠበቀችው። ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ «ሰባት ዓመት አብረኸው ሠርተህ አንድ ድንጋይ ማስቀመጥ አቃተህ? ዓይንህን አልይ» አለችው። ፍሮምሳም ዘንጉን እንደያዘ ታሰረ።

በሦስተኛው ቀን አምለሰት ጣቢያው ድረስ ሄዳ አነጋገረችው።

«ታኮ አድርገሃል?»

«ሰኞ እርግጠኛ ነበርኩ። ትናንትም። አሁን ግን ድንጋዩን ሳነሣ ይታየኛል፣ ሳስቀምጥ አይታየኝም።» መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው። «ምናልባት እኔ ነኝ የገደልኩት።»

አምለሰት እንዲህ ዓይነት ቃል በአገልግሎት ዘመኗ ብዙ ሰምታለች። ንጹሕ ሰውም ደጋግመው ከጠየቁት ይደክመዋል፤ ሲደክመው ደግሞ የተባለውን ሁሉ ይቀበላል። አዘነችለት። ስለ ድንጋዩ መጠየቋን ተወችና ስለ ሥራው እንዲያወራት አደረገች።

«ቅዳሜ ምን ሠራችሁ?»

«ዲፈረንሻሉን በየድነው።»

«እኔ መካኒክ አይደለሁም። ቀስ ብለህ ንገረኝ።»

«ከኋላ ጎማዎቹ መሐል ያለው ነው፤ አንዱ ጎማ ከሌላው ተለይቶ እንዲዞር የሚያደርገው። ጭቃ ውስጥ ግን ይኸው ጥቅሙ ጉዳት ይሆናል፤ አንዱ በባዶ ይሽከረከርና ሌላው ይቆማል። በብየዳ አሰርነው። አሁን አንዱ ካልዞረ ሌላውም አይዞርም።»

አምለሰት ብዕሯን አስቀመጠች። «ይህን ማን ያውቃል?»

«ያሠሩት የመኪናው ባለቤት አቶ ሠረቀብርሃን። ዓለምም፤ ምን እየሠራን እንደሆነ ፀሐዬ አስረድቷታል። ማቲዎስ አዳማ ነበር።»

«አልደወላችሁለትም?»

«ፀሐዬ ከሱ ጋር መነጋገር ትቶ ነበር። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።»

በማግሥቱ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አቶ ሠረቀብርሃን ከእንጦጦ ራጉኤል በኩል ድንች እያመጡ ሾላ የሚሸጡ ገበሬ ናቸው፤ ፒካፑን ዳግመኛ ማየት እንኳ አልፈለጉም። ዓለም ጥቁሯን ለብሳ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፤ ፍሮምሳ ከፖሊስ መኪና ሲወርድ ፊቷን አዞረች። ፒካፑ ወደ ቦታው ተመልሷል፣ ያው ጎማ ተነሥቷል፣ ቁልቁል በኩል አሮጌ ጎማዎች ተደርድረዋል። ፉፋ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጧል።

«ማርሹ አንደኛ ላይ ነው፤ ታኮ የለም» አለች አምለሰት። «እንግዲህ ግፉት።»

አቶ ሠረቀብርሃንና ሁለት ፖሊሶች ቁልቁል ገፉት። መኪናው ንቅንቅ አላለም። ደግመው ገፉት፤ እንደቆመ ነው።

ማቲዎስ ጎንበስ ብሎ የተነሣውን ጎማ አየ።

«ቅዳሜ ዲፈረንሻሉ ተበይዷል» አለችው። «አንተ አዳማ ሆነህ አልሰማህም። መሬት ላይ ያለው ጎማ ካልዞረ ሌላውም አይዞርም፤ ሁለቱንም ደግሞ ማርሹ ይዟቸዋል። ፉፋ፣ ማርሹን አውጣው።»

ፒካፑ ጓ ብሎ ከክሪኩ ወርዶ አሮጌዎቹን ጎማዎች ገጨ። ዓለም ዓይኗን ጨፈነች።

«አንደኛ ማርሽ ላይ ቢሆን ኖሮ ፀሐዬ ዛሬ በሕይወት ነበር» አለች አምለሰት። «አንድ ሰው ማርሹን አወጣ፤ መኪናው ወረደ። ከዚያ አደጋ እንዲመስል ማርሹን መለሰው። እዚህ ካላችሁት ሦስታችሁ ብየዳውን ታውቃላችሁ። የሚያውቅ ሰው ማርሹን አንደኛ ላይ አድርጎ ‹በዚህ ምክንያት ተንሸራተተ› አይልም። የማያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ይሄ ግምት ነው» አለ ማቲዎስ።

«ከቆምክበት ሆነህ፣ አሁን ማርሹ ስንተኛ ላይ ነው?»

ማቲዎስ ወደ ላይ ተመለከተ። ከመኪናው ቁመት የተነሣ የሚታየው የጋቢናው ጣራ ብቻ ነበር።

«ሰኞ ግን አውቀኸው ነበር» አለች። «በሩን አልከፈትኩም ብለህ ፈርመሃል። እኔ እንኳ ጎማ ላይ ወጥቼ ነው ያየሁት።»

ማቲዎስ ክሪኩ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ከዚያ በኋላ ብዙ መጠየቅ አላስፈለገም። ባለፈው ክረምት ከዚሁ ጋራዥ የወጣ ሌላ ፒካፕ እንጦጦ ላይ ተገልብጦ ነበር፤ ያንን ከፍ ያደረገው እሱ ነው፣ አካሉን የሚሸከመው ባሌስትራ ሥር ቁርጥራጭ ብረት ደርቦ። አንዲት ሴት ሞታለች፤ ጥፋቱም በሾፌሩ ላይ ተላክኳል። ፀሐዬ ግን ከዚያ መኪና የተሰበረውን ብረት አገኘው።

«ሰኞ ለፖሊስ እናገራለሁ ብሎ መልእክት ላከልኝ። ልለምነው ነው ገስግሼ የመጣሁት» አለ። «ከመኪናው ሥር ሆኖ እምቢ አለኝ። ወጥቶ እንኳ ዓይኔን አላየኝም።»

«ድንጋዩስ?» አለ ፍሮምሳ። «ድንጋዩ ነበር?»

ማቲዎስ ቀና ሳይል «በእግሬ አወጣሁት» አለ። መጀመሪያ ታኮውን፣ ቀጥሎ ማርሹን።

ፍሮምሳ በቆመበት እንደ ልጅ አለቀሰ። ፉፋ ካቴናውን ከእጁ ሲፈታለት እንኳ ያስተዋለ አይመስልም። ዓለም ከግድግዳው ተላቀቀችና ግቢውን አቋርጣ ፊቱ ቆመች። ምን እንደምትለው የምታውቅ አትመስልም ነበር። በነጠላዋ ጫፍ ፊቱን ጠረገችለት።

«አድርገህ ነበር» አለችው። «ፍሮምሳ፣ ስማኝ። አድርገህ ነበር።»