ሳጥኑ ያልዋሸው ስም

ሕመምተኛው ሸሚዙን ከፍቶ አልጋው ላይ ተጋድሟል። ዶክተር አብዲቃድር ዓይኑን ከሕመምተኛው ሳያነሳ እጁን ወደ ጠረጴዛው ሰደደ። እጁ የዳበሰው ባዶ ጠረጴዛ ነው።

የልብ ማያው ሳጥን የለም።

ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ባለችው በዚያች ጠባብ ክሊኒክ ከሳጥኑ የሚበልጥ ሀብት አልነበረም። መጠኑ ከአንድ ዳቦ አይበልጥም፤ ኮምፒዩተር ላይ ሲሰካ ግን የሰውን ልብ መስመር በመስመር ይስላል። በር አልተሰበረም። መስኮት አልተነካም።

"ቁልፍ ያለው ማነው?" አለ መርማሪው፣ ኢንስፔክተር አለምብርሃን።

"እኔና ሑዳ። የጽዳት ሠራተኛችን ናት።"

"ሳጥኑን የሚያውቅ ሌላ ሰውስ?"

"መጀመሪያ ጠግኖ ያስነሳው ሂሻም የሚባል ቴክኒሻን ነበር። ከወጣ ግን ሁለት ወር አልፎታል፤ ቁልፍም ኖሮት አያውቅ።"

የሑዳ ወንድም ቀፊራ ገበያ ላይ አሮጌ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣል። እህት ቁልፍ አላት፣ ወንድም ሱቅ አለው። ለአለምብርሃን ይሄ በቃው። ያዛት።

"ሳጥኑን የት አደረስሽው?"

"አላየሁትም።"

"አትቀልጂ።"

"አቦ፣ የምትቀልደውስ አንተ ነህ! እናቴ በየማክሰኞው የምትታየው በዚያ ሳጥን ነው። ሰርቄው የእናቴን ልብ በምን ላሳይ? በጆሮዬ?"

"ያን ቀን ከአንቺ ሌላ ማን ገባ?"

"ከሰባት ሰዓት በኋላ ነው ወለል የማጥበው። ወንዱ ሁሉ ጫቱ ላይ ነው፣ መንገዱ ጭር ይላል። እንዲደርቅልኝ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ውሃ ልቀዳ ጓሮ እመላለሳለሁ። ጅብም ቢገባ አላየሁም፣ ወላሂ!"

ቃሏን ጻፈ። አላመነውም። የወንድሟን ሱቅ ሦስት ጊዜ አስፈተሸ፤ ከአሮጌ ሬዲዮና ከአንድ ጆንያ ሪሞት በቀር የተገኘ የለም። ሑዳ ግን አልተለቀቀችም። አስራ አራት ቀን ተቀጠረባት። ሲያልቅ ሌላ አስራ አራት።

በሃያኛው ቀን ዶክተሩ ደወለ። ከከተማው ውጭ ካለችው ከዋሂል የመጣ አንድ ሽማግሌ፣ "እኛም ጋ የልብ ማያ መጥቷል፣ ሰማያዊ ነው" ብሎታል። የተሰረቀው ነጭ ነበር።

አለምብርሃን በማግስቱ ዋሂል ወረደ። በአንዲት የግል ክሊኒክ የኋላ ክፍል ውስጥ ያገኘው ሂሻምን ነው።

"ግባ አቦ፣ ፀሐይ ይበላሃል!" አለው ሂሻም እየሳቀ። ሰማያዊውን ሳጥን ኮምፒዩተሩ ላይ ሰካው። "በጅቡቲ በኩል ያስመጣሁት ነው። እኔን አትመን፣ ራስህ አንብብ።"

ስክሪኑ ላይ የወጣው ስም ዶክተሩ ከነገረው ጋር አይገናኝም። ሌላ ፋብሪካ፣ ሌላ ሞዴል።

"ማሽን ደግሞ አይዋሽም" አለ ሂሻም።

አለምብርሃን አመሰገነና ተመለሰ።

የጣቢያውን ኮምፒዩተሮች የምትይዘው ዐማል ነገሩን ስትሰማ ሳቀች።

"ኮምፒዩተሩ ስሙን በምን አወቀው?"

"ሲሰካ አወቀዋ።"

"አያውቅም። ይጠይቀዋል። 'ማነህ? ሥራህ ምንድነው?' ይለዋል፤ ዕቃው በቁጥር ይመልሳል። ቁጥሩን ወደ ስም የሚያዞርልህ ኮምፒዩተሩ ውስጥ የተጻፈ መግለጫ ነው። ሶማሊኛ ብቻ የምትናገር ምስክር ስትመጣ አንተ ምን ታደርጋለህ?"

"አስተርጓሚ እጠራለሁ።"

"አስተርጓሚው ቢዋሽህስ? ምስክሯ እውነቱን እየተናገረች አንተ ውሸት ትጽፋለህ። ዋሂል ላይ ያነበብከው አስተርጓሚውን ነው። እሱን የጻፈው ደግሞ ሳጥኑን ያስነሳው ሂሻም ነው።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?" አለ አለምብርሃን።

"ሌላ ዓይነት ኮምፒዩተር፣ የሂሻም መግለጫ የሌለበት፣ ራሱ ይጠይቀው። የሂሻም ኮምፒዩተር ዊንዶውስ ነው። የእኔ ላፕቶፕ ሊኑክስ ነው። ያኔ ሳጥኑ የሚለውን ብቻ ትሰማለህ።"

በሃያ ሁለተኛው ቀን ጠዋት አብረው ዋሂል ሄዱ። ሂሻም ላፕቶፑን ሲያይ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ዐማል ሳጥኑን ሰካች፤ ፊደልና ቁጥር ስክሪኑ ላይ ተደረደረ። አለምብርሃን የመጋላውን ክሊኒክ የሳጥን ርክክብ ወረቀት ከኪሱ አወጣ። እሷ አንድ በአንድ አነበበች፣ እሱ በጣቱ ተከተለ። የመጨረሻዋ ቁጥር ሳትቀር ገጠመች።

"የሠሪው ስም የሚል ቦታ አለ" አለች ዐማል። ቀና ብላ ሂሻምን አየችው። "'ሂሻም፣ ድሬዳዋ' ይላል።"

ላፕቶፑን ወደ እሱ አዞረችው።

"ቁጥሩን ፋብሪካው አትሞታል፤ ማጥፋት አትችልም" አለች። "ስሙን ግን ትችል ነበር።"

"ሁለት ደቂቃ አይፈጅም" አለ ሂሻም።

"ታዲያ ለምን ተውከው?" አለ አለምብርሃን።

ሂሻም ነጩን ሰማያዊ የቀባውን ሳጥን በመዳፉ ዳበሰው።

"በእርዳታ ሲመጣ ሬሳ ነበር። የትኛውም ኮምፒዩተር አላወቀው። ሦስት ወር ሙሉ ይሄ ዕቃ ማን እንደሆነ ለዊንዶውስ ለብቻ፣ ለሊኑክስ ለብቻ ጻፍኩለት። ዶክተሩ ቋሚ ሠራተኛ አደርግሃለሁ ብሎኝ ነበር። ሳጥኑ ሥራ ሲጀምር ግን የእህቱን ልጅ ቀጠረ። ማሽኑ በተመረቀበት ቀን ፎቶ የተነሳው ያ ልጅ ነው። እኔ ውጭ ጄኔሬተር እጠብቅ ነበር። ስሜ ያለው እዚህ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው። እሱንም በገዛ እጄ ላጥፋው?"

"ዋሂልስ ለምን አመጣኸው?"

"የዚህ ክሊኒክ ሰዎች ማሽን ካለህ ክፍል እንሰጥሃለን አሉኝ።"

"ሑዳስ?"

"ጓሮ ነበረች። ወለሉ እርጥብ ነው፣ ዱካዬ እንዳይቀር ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ምንም ስለማያገኙባት ይለቋታል ብዬ ነበር።"

"ሃያ ሁለት ቀን ታስራለች!"

ሂሻም ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኑን አየው። "እኔ የሰረቅኩት ሳጥን ነው። እሷን ያሰርካት አንተ ነህ፣ አቦ።"

አለምብርሃን ካቴናውን አወጣ።

ሑዳ በዚያው ቀን ተፈታች። አለምብርሃን "ላድርስሽ" አላት፤ ቀድማው መራመድ ጀመረች። የመጋላን ጠባብ መንገድ ተያይዘው ገቡ።

"እናትሽ እንዴት ናት?"

"ሦስት ማክሰኞ አልታየችም። ሳጥኑ ለሚቀጥለው ማክሰኞ ይመለሳል?"

"ማስረጃ ነው። ፍርድ እስኪሰጥ ከዕቃ ቤት አይወጣም።"

"እስከ መቼ?"

"አላውቅም።"

ራሷን ነቀነቀች። ከመጋረጃዎቹ ሥር፣ በየደጃፉ፣ የቤተሰቡ ጫማ እንደ ወትሮው ተደርድሯል። ሑዳ በልጅነቷ የጎረቤቱን ጫማ እያነሳች እያስቀመጠች ያደገችበት ደጃፍ ነው፤ ትሰርቃለች ብሎ ጫማውን የሸሸገባት ሰው አልነበረም።

ገና ሦስተኛው በር ሳይደርሱ፣ ከመጋረጃ ሥር አንዲት እጅ ወጣችና ጫማዎቹን አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ሰበሰበች።