የቀንዲሉ ጥላ

ሠዓሊው ከአሮጌው ጸሎት ቤት ሰገነት ወድቆ፣ ወለሉ ላይ ሞቶ ተገኘ። ሥዕሉ ሰገነቱ ላይ እንደቆመ ነበር። በማግስቱ የተጠራው መርማሪ ጡረታው የዘገየበት፣ ጉልበቱ ደረጃ የሚጠላ ሰው ነው። ገና ከታች ደረጃውን ሲያየው ታከተው፤ ቢሆንም ወጣ።

ሥዕሉ የጸሎት ቤቱን ውስጥ ያሳያል፤ ምሰሶዎቹን፣ የተላጠውን ግድግዳ፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለውን የብር ቀንዲል። የሟች ታናሽ እህት አጠገቡ ቆማለች።

«ትናንት ሲወጣ ‹ከሰው ግድግዳ ይሻልሃል፤ እዚያው ሙት› አልኩት» አለች። «ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ራሱን ወርውሮ ነው?»

«ገና አላወቅኩም። አሠራሩ እንዴት ነበር?»

«የሚሥለው ጠዋት ብቻ ነው። ፀሐይ ከዞረች ብሩሽ አይነካም። ዓይኑ ያላየውንም አይሥልም፤ አንድ ወንበር ቦታውን ከለቀቀ ፍቆ እንደ አዲስ ይጀምራል። ችክ ያለ ሰው ነበር።»

መርማሪው ሥዕሉ ላይ ያለውን ቀንዲል ነካ። ቀለሙ ጣቱ ላይ ቀረ፤ ዙሪያው ግን ደርቋል። በጥፍሩ ፋቅ ሲያደርገው ከሥሩ ባዶ ሰንሰለት ብቅ አለ። ረጅም ትንፋሽ ተንፍሶ ወረደ።

«ሲመሽ ልዘጋ ስገባ ነው ያገኘሁት» አለ ዘበኛው። «ቁልፍ ያለን እኔና ቅርስ አዳሹ ነን። እኔ እንደሆንኩ የማውቀው ብሩሽ የጫማውን ነው።»

አዳሹ ከሰዓት በኋላ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣ።

«ጌታዬ፣ እኔ እዚህ በጠዋት ረግጬ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ ነው። ትናንት ደግሞ ጭራሽ አልመጣሁም። ሰውየው ሰሞኑን ከፍቶት ነበር» አለ፣ እህትየዋን በሐዘኔታ እያየ። እሷ አንገቷን ደፋች።

መርማሪው ጉልበቱን እየረገመ ሦስቱንም ሰገነቱ ላይ ሰበሰበ።

«ሥዕሉ ላይ የምሰሶዎቹ ጥላ ሁሉ ወደ ቀኝ ነው፤ የጠዋት ፀሐይ ነው። የቀንዲሉ ጥላ ብቻ ወደ ግራ ወድቋል። አሁን ግድግዳውን እዩ፤ ከሰዓት በኋላ ጥላው ወደ ግራ ነው። ስለዚህ ይህን ቀንዲል የሣለው ሟች አይደለም። ሟች የሣለው ከሥሩ ያለውን ባዶ ሰንሰለት ነው፤ እሱ ደግሞ ያላየውን አይሥልም። አንድ ሰሞን ቀንዲሉ ቦታው ላይ አልነበረም ማለት ነው።» ወደ አዳሹ ዞረ። «ማን ቀና ብሎ ያያል ብለህ ወሰድከው፤ አምሳያውን አሠርተህ ሰቀልክ። እሱ ግን አየ፤ ሳይጠይቅህም ሥዕሉን አልፋቀም። ትናንት ከሰዓት በኋላ እስክትመጣ ሊጠይቅህ ቆየ፤ ገፈተርከው። ከዚያ ሥዕሉ እንዳያጋልጥህ ባዶው ቦታ ላይ ቀንዲል ሣልክ። እጅህ ጎበዝ ነው፤ ግን በጠዋት ረግጦ የማያውቅ ሰው የጠዋቱን ጥላ ከየት ያመጣዋል?»

«ይሄ ግምት ነው!»

«አንተ ሳትመጣ ቀንዲሉን አስወርጄ አስፍቄ መልሼ አሰቅዬዋለሁ። ከሥሩ ብር ሳይሆን ቆርቆሮ ነው።»

አዳሹ የሰገነቱን መደገፊያ ያዘ። «ዝም በልልኝ ብዬ ለምኜው ነበር» አለ በመጨረሻ።

ፖሊሶች አዳሹን ከወሰዱት በኋላ እህትየዋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«እንግዲያው አልዘለለም?»

«አልዘለለም፣ እህቴ።»

«በኔ ቃል አይደለም የሞተው?»

«በራሱ ቃል ነው። ዝም አልልም በማለቱ።»

ልታለቅስ ሞከረች፤ አቅም አጣች። ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። ዘበኛው ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ሲመጣ መርማሪው በእጁ ከለከለው፤ ራሱም አጠገቧ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።