ቱቦው የሚያልቅበት ቦታ

በዚያ ሰሞን የጠራሰማይ ከተማ ፋብሪካዎች ሳል ይዟቸው ነበር። በእያንዳንዱ የጭስ ማውጫ ውስጥ ከሕያው ህዋስ ተባዝቶ ያደገ፣ ቤት የሚያክል ማጣሪያ አለ። ጭሱን ይስባል፣ መርዙን ያስቀራል፣ ንጹሑን አየር ወደ ላይ ይተነፍሳል። ሠራተኞቹ «ሳንባ» ይሉታል። የስንዱ ሥራ ሳንባ ማጠብ ነው። ጧት ጧት ገመድ ታጥቃ ወደ ማውጫው ትወርድና ግድግዳውን በለብታ ውሃ ታሻሸዋለች፤ እሱም እንደ ታለበች ላም ይረጋጋል።

ሳንባዎቹ ያስቀሩት መርዝ በመሬት ውስጥ ቱቦ ተገፍቶ ከተራራው ባሻገር ወዳለው በረሃ ይሄዳል። ያ በረሃ በትምህርት ቤት ካርታ ላይ «ሰው የማይኖርበት» ተብሎ ተጽፏል። ከንቲባው በየዓመቱ አደባባይ ወጥተው የከተማዋ ብክለት ካምናው መቀነሱን ሲያበስሩ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ስንዱም ታጨበጭባለች። ለምን አታጨብጭብ? ልጇ ረድኤት አስም አለባት።

ታዲያ በዚያ ሰሞን ቱቦው ተዘጋ። የዘጋው «ዘበኛ» የሚሉት፣ የከተማዋን ጭስ የሚያስተዳድረው አሳቢ ማሽን ነው። በረሃው ጫፍ ባለው የቱቦው አፍ ላይ አዲስ የአየር መለኪያ በተተከለለት ማግስት ነበር የዘጋው። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ «መውጫው ላይ የሰው ትንፋሽ አለ» ይላል፤ ሌላ መልስ የለውም። መርዙ መሄጃ ሲያጣ ሳንባዎቹ ሞልተው ያሳሉ፣ ጥቁር ብናኝም በከተማዋ ላይ ይተፉ ጀመር። የተሰጣ ልብስ ጠቆረ። ረድኤት ሆስፒታል ተኛች።

የጥገና ኃላፊው ኢንጂነር አምሳሉ ስንዱን አስጠራት።

«መለኪያው ተበላሽቷል» አላት። «እዚያ እንኳን ሰው ዝንብም የለ። ሂጂና ቀይሪው።»

በበራሪ መኪና ተራራውን ተሻግራ ቱቦው አፍ ዘንድ ወረደች። መለኪያው ደህና ነው። ከመለኪያው ወዲያ ግን የሰሌን ጎጆዎች ተደርድረዋል፤ ግመሎች ተንበርክከዋል፤ ከየጎጆው ሳል ይሰማል። የልጅ ሳል ነው። የረድኤት ዓይነት ሳል ስለሆነ በደንብ ታውቀዋለች።

አንዲት አሮጊት ወጥተው ወተት ሰጧት። አዴ ዱሬቲ ይባላሉ።

«አዴ፣ እዚህ እንዴት መጣችሁ?»

«ግጦሻችን ላይ ፋብሪካ ስለሚሠራ ተነሡ አሉን፤ ተነሣን። የቀረ መሬት ይሄ ነው።»

«ጭሱስ?»

«እዚህ አገር መሬቱ ራሱ ይፈላል፣ ይጨሳል። የምድር ትንፋሽ መስሎን ቻልነው። ልጆች ሲያልቁብን ፈጣሪን ለመንን። ይኸው ሰማን፤ ሰሞኑን አቆመልን።» አሮጊቷ ዓይናቸውን አተኩረው አዩዋት። «የምድር ነው አይደል፣ ልጄ?»

ስንዱ ወተቱን ጠጣች። ራቅ ብላ ለአምሳሉ ደወለች።

«ኢንጂነር፣ ሰው አለ። ሕፃናት አሉ።»

አልደነገጠም፤ «ስንት ናቸው?» ብሎም አልጠየቀም። ነገሩ እንግዳ እንዳልሆነበት ገባት።

«መኪና ልከን እናነሳቸዋለን» አላት። «ለጊዜው መለኪያውን ንቀዪው።»

«እስከዚያ የፋብሪካዎቹን ምድጃዎች ቀዝቀዝ እናድርጋቸው። ጭሱ ከምንጩ ቢቀንስ እኮ...»

«ምድጃው ከቆመ ከተማው ይቆማል። ደግሞ ከሆስፒታል ደውለው ነበር፤ የልጅሽን ኦክስጅን ጨምረውላታል።»

ስልኩን ዘጋው። ስንዱ በፀሐዩ ወደ መለኪያው ተመለሰች። ከዚያ መፍቻዋን አወጣች። አዴ ዱሬቲ ጥላቸውን አጥልተውባት አጠገቧ ቁጢጥ አሉ።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ልጠግነው ነው፣ አዴ።»

«እጅሽ ይባረክ።»

መለኪያው ተነቅሎ መዳፏ ላይ ሲቀር የዘበኛ ድምፅ በጆሮዋ ማዳመጫ መጣ። ዘበኛ ቱቦውን ለመክፈት ወይ መለኪያ፣ ወይ በቦታው የቆመ ሰው ቃል ይበቃዋል።

«ትንፋሽ አይሰማኝም» አለ። «እዚያ ያለሽው አንቺ ነሽ። ሰዎቹ ሄዱ?»

ስንዱ አሮጊቷን አየች። አሮጊቷ ፈገግ አሉላት።

«ሄዱ» አለች።

«በሰላም?»

«በሰላም።»

ቱቦው ከሥር ማጉረምረም ሲጀምር ዞር ብላ ሳታይ መኪናዋ ውስጥ ገባች።

ረድኤት ሳምንት ሳይሞላት ከሆስፒታል ወጣች። ሰማዩ ጠራ፤ ከንቲባው አበሰሩ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። ስንዱ ስለ መኪናዎቹ አምሳሉን ጠየቀችው። «እየታየ ነው» አላት። ደግማ ጠየቀችው። እየታየ ነበር። በሦስተኛው፣ ከአፏ ሊወጣ የደረሰውን ጥያቄ ራሷ ዋጠችው፤ መልሱን ስለምታውቀው ብቻ አልነበረም፤ ረድኤት ማሳል አቁማ ነበር።

አንድ ጧት ሳንባ ስታጥብ ዘበኛ ጠራት።

«ስንዱ፣ እነዚያ ሰዎች የት ሰፈሩ? ካርታዬ ላይ ላስገባቸውና ወደዚያ መርዝ እንዳልልክ ልጠንቀቅ።»

ማሻሸቷን አቁማ መዳፏን ሳንባው ላይ አሳረፈች። ሞቃቱ ግድግዳ ከመዳፏ ሥር ያብጣል፣ ይሟሽሻል። በዚህ ሁሉ ከተማ ውስጥ ስለ እነዚያ ሰዎች የጠየቀ አንድ እሱ ብቻ ነው፤ እሱም ሰው አይደለም።

«ሩቅ» አለችው።

ዘበኛ መጠራጠርን ማንም አላስተማረውም።

«እሺ» አለ፤ ካርታው ላይ «ሩቅ» የሚል ሰፈር ጻፈ፣ ቱቦውንም አልዘጋም። «እንግዲህ ወደ ሩቅ ምንም አልልክም።»