እጀታው ውስጥ የደረቀ ደም

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የታሪክ አስተማሪው ቀናው የሰይፍ ልምምዱን አዳራሽ በር ከፍቶ ሲገባ መምህሩን ወልደሥላሴን ተንበርክኮ፣ ግንባሩ ምንጣፉን ነክቶ አገኘው። በቀኝ እጁ ረጅሙን የጃፓን ሰይፍ ጨብጧል፤ ከግራ ጎኑ የፈሰሰው ደም ረግቷል። የእንጨት ሰይፉ አጠገቡ ወድቋል።

ጅጅጋ ትልቅ ከተማ ነኝ ትላለች እንጂ ለወሬ ጠባብ ናት። ረፋድ ላይ «ጡረተኛው መሐንዲስ እንደ ጃፓኖቹ ሆዱን ወጋ» የሚለው ገበያውን አዳርሶ ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል እንዲህ ያለውን። ወሬው ቤተ ክርስቲያንም ደረሰና የሟቹ የንስሐ አባት ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት እንደማይደረግ፣ ፖሊስ ሌላ ነገር ካላረጋገጠ በቀር እሳቸውም ምንም ማድረግ እንደማይችሉ ለሚስቱ ለአሰገደች እያዘኑ ነገሯት። ቀብሩ እሁድ በስድስት ሰዓት ነበር።

አሰገደች ቀጥታ ኢንስፔክተር ኸሊፍ ዘንድ ሄደች። ኸሊፍ ቀጭን፣ ንግግር የሚቆጥብ የጅጅጋ ልጅ ነው።

«ባሌ ዕድሜውን ሙሉ ጾሟል፣ ቆርቧል» አለችው። «ሳይጸለይበት አፈር ይልበስ? እርስዎም እኮ እምነት ያለዎት ሰው ነዎት።»

ኸሊፍ እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ድረስ የሆነውን እንደሚያውቅ ነገራት። የሆነው ነገር ደስ እንደማያሰኛት ግን ያኔም ሳይጠረጥር አልቀረም።

አዳራሹ የድሮ የእህል መጋዘን ነው። ወልደሥላሴ በወጣትነቱ የውኃ ምህንድስና ሊማር ጃፓን ሄዶ ሦስት ዓመት ሲቆይ ከአንድ አዛውንት የሰይፍ መምህር ዘንድ ተምሮ ነበር። ሥልቱ ከመምህር ወደ ተማሪ ሲወርድ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የሆነው ነው። ሰይፉንም የሰጡት አዛውንቱ ናቸው። ጅጅጋ ላይ ተማሪዎቹ ሦስት ብቻ ነበሩ፦ ቀናው፣ ነጋዴው ፈይሰል እና የገዛ ልጁ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሶሲ።

«እንዴት ነው የምትለማመዱት?» ሲል ኸሊፍ ቀናውን ጠየቀው።

«ጥንድ ጥንድ ሆነን። መምህሩ ሁልጊዜ የሚሸነፈውን ወገን ነው የሚይዙት። ተማሪ ማሸነፍን የሚማረው መምህሩ ደጋግመው ሲሸነፉለት ነው።»

«ብቻቸውን ሲሆኑስ?»

«ብቻቸውንማ ብረቱን ብቻ ነው የሚይዙት። የእንጨቱን የሚያነሱት ፊታቸው ሰው ሲቆም ነው።»

ኸሊፍ የወደቀውን የእንጨት ሰይፍ አየና ከመምህሩ ጋር ተጣልቶ እንደሆነ ጠየቀው። ቀናው አልደበቀም። ለአሥራ አንድ ዓመት ሲማር ሰይፉ ለእሱ እንደሚወርድ ያስብ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ግን መምህሩ ለሶሲ እንደሚሰጣት ሲናገር ተቆጥቶ ወጥቶ ነበር። ዛሬም የመጣው ይቅርታ ሊጠይቅ ነው።

ፈይሰል ጠዋት ቶጎጫሌ ዕቃ ሲያስጭን ነበር፤ ሾፌሩም መሰከረለት። ሆኖም ከሁሉም ይልቅ የሚያለቅሰው እሱ ነበር። የሰይፉ ስለት ከእጀታው ጋር የሚያያዘው በአንዲት የቀርከሃ ችንካር ነው። ችንካሯ ስታረጅ መምህሩ ቀርከሃ እንዲያመጣ ልኮት እሱ ነገ ዛሬ ሲል ወር አለፈ። ወልደሥላሴም ሲሰለቸው ከመፋቂያ እንጨት ቀርጾ ተክቷት ነበር። ሶሲ ደግሞ ቤታቸው ሄዶ ሲጠይቃት ተኝታ እንደነበር ብቻ ተናገረች፤ ቀና ብላ አላየችውም። ኸሊፍ ሲወጣ አሰገደች ሳትጠየቅ፣ ልጇን ብረቱን እንዳያስነካት ባሏን በወንጌል አስምላው እንደነበር ነገረችው።

ከሰዓት በኋላ ኸሊፍ ቀናውን ሰይፉን እንዲፈታው አዘዘው። ቀናው ችንካሩን ገፍቶ አወጣ፣ የራሱን የእጅ አንጓ በጡጫ መታ መታ ሲያደርግ ስለቱ ላላና ወጣ። እጀታው ውስጥ የሚገባው የብረቱ ጭራ በደረቀ ደም ተለብጧል። ኸሊፍ ችንካሯን በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

እሁድ አራት ሰዓት ላይ ኸሊፍ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰባቸው። የንስሐ አባቱም መጥተው በር አጠገብ ተቀመጡ።

«ጋሽ ወልደሥላሴ ራሳቸውን አልገደሉም» ብሎ ጀመረ። «አንደኛ፣ የእንጨት ሰይፋቸውን ይዘው ነበር። ስለዚህ ፊታቸው ሰው ቆሟል፤ ብረቱም በዚያ ሰው እጅ ነው። ሁለተኛ፣ ደሙ እጀታው ውስጥ ገብቷል። እጀታው በቦታው ቢሆን አይገባም ነበር። ስለቱ የወጋቸው ራቁቱን ነው፤ ከእጀታው ተስፈንጥሮ። ሦስተኛ ይኸው።» ከምንጣፉ ስር ያገኛትን የተሰበረች የመፋቂያ ቁራጭ አሳየ። «ሲሰነዘር ችንካሯ ተሰበረች። ግድያ አይደለም፤ አደጋ ነው። ግን ቆስሎ የሚሞት ሰው ሰይፍ አይገጥምም። ሌላ ሰው ገጥሞ እጃቸው ላይ አድርጎታል፤ በሌላ ችንካር።»

ፈይሰል ፊቱን ሸፈነ። ኸሊፍ ሁለተኛዋን ችንካር በመሐረብ ላይ አስቀመጠ። ድቡልቡል፣ ጫፏ የሾለ፣ በእጅ ብዛት የለሰለሰች እንጨት ናት። ትናንት ማምሻውን ለልቅሶ የሄደ መስሎ ሟቹ ቤት ሲገባ የማን እንደሆነች አውቆ ነበር፤ አፉን ግን ከበደው።

አሰገደች እጇን ሰዳ አነሳቻት። አገላበጠቻት፣ አሸተተቻት። የጸጉር ቅቤ ይሸታል። የሚዶ ጥርስ ነበረች፤ አሰገደች ሶሲን ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምታበጥርበት፣ ኸሊፍም ትናንት አንድ ጥርሱ ጎድሎ ያየው የዚያ ሚዶ።

«ሶሲዬ» አለች ቀስ ብላ።

ሶሲ ዓይኗን ከምንጣፉ ሳታነሳ ተናገረች።

«ብረቱን የሰጠኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ስሰነዝር እጀታው እጄ ላይ ቀረ። አባዬ ራሱ ነቀለው። ‹መፋቂያ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው› አለኝ። ሰይፉን ገጥሜ፣ አስይዤው እንድሄድ፣ ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። ሚዶው ጸጉሬ ውስጥ ነበር። ሲለማመድ ተሳስቶ ነው እንዲሉ ፈልጎ ነው። ራሱን ገደለ ይላሉ ብሎ አላሰበም፤ እኔም አላሰብኩም። ከዚያ አንቺ ስትለምኚ እሰማለሁ... ምያለሁ፣ እማዬ።»

የእሷ መከራ ይኼ ነበር። ብትናገር የአባቷን የመጨረሻ ቃል ታፈርሳለች፤ ዝም ብትል ጸሎቱን ትነሳዋለች። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ይህን ብቻዋን ተሸክማ ለቀስተኛ ስታስተናግድ ነበር። ኸሊፍ አደጋ መሆኑን እንደሚጽፍ፣ ቃሏንም ከቀብሩ በኋላ እንደሚቀበል ተናገረ። ቄሱ ዓይናቸውን ጠርገው ተነሡ።

«ፍትሐቱ ይደረጋል» አሉ። «ቶሎ ኑ።»

ሰው ሁሉ ወጣ። ሶሲ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም፤ በምን ዓይኔ ሬሳውን አያለሁ አለች። አሰገደች በሩ ላይ ጀርባዋን ሰጥታት ቆመች።

«ብረቱን እንዳያስነካሽ አስምዬው ነበር» አለች። ከዚያ ዞረች። «ተነሺ። ይቅር ብዬሽ አይደለም፤ ገና አልቻልኩበትም። ግን አባትሽን ብቻዬን መቅበር አልችልም።»

ሶሲ ተነሣች። ሁለቱ አንድ ክንድ ያህል ተራርቀው፣ እጅ ለእጅ ሳይያያዙ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ።