አምስት ላባ፣ ሁለት እግር

ሽማግሌው ሠዓሊ ከመዝገብ ክፍሉ መሰላል ሥር ተዘርሮ የተገኘው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። የክብሪት ፋብሪካው ዘበኛ በሩን ገርበብ ብሎ ቢያየው ገፋ አደረገው። ከዚያ በኋላ ያየውን ለሦስት ፖሊሶች ሦስት ጊዜ ተናግሯል፤ ለአራተኛዋ ለመናገር ግን ትዕግሥቱ አልቋል።

«ጽፈውታል እኮ!» አለ።

«የጻፉትን አነበብኩት። ምንም አይልም፤» አለች ኢንስፔክተሯ።

የሥራ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ የነካችውን ሳትወጋ ስለማትመለስ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ደግሞ ደሟ ፈልቷል። ሦስቱ ፖሊሶች ወለሉ ላይ የተበተነውን ወረቀት ሁሉ ረጋግጠው፣ «ከመሰላል ወድቆ» ብለው ጽፈው፣ ቁርስ ሊበሉ ሄደዋል። ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ማጅራቱ ላይ ቁስል አለ። የሸሚዙ ኪስ ውስጥ መነጽሩ ከነማኅደሩ ተቀምጧል፤ ጭረት እንኳ የለውም።

«ያለ መነጽር ያዩ ነበር?»

«ማን? ጋሽ ብሩሽ? ያለ መነጽራቸው የመጽሐፍ ርዕስ አያነቡም። ሥራ ላይ ከሆኑ ዓይናቸው ላይ ነው፤ ሰው ሊያናግራቸው ሲመጣ ብቻ አውልቀው ኪሳቸው ይከታሉ።»

«ታዲያ መሰላል ላይ ወጥተው የፋይል ጀርባ በምን ሊያነቡ ነበር?»

ዘበኛው ቀና ብሎ መሰላሉን አየ።

ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ» የሚላት ባለቤቲቱ ቢሮዋ ውስጥ ቆማ ነበር የጠበቀቻት። ፋብሪካውን ያቋቋመው ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል፤ ድምፅዋ ግን የተቆጣ ሰው ድምፅ ነው።

«ሰውየውን አጣሁ፣ ፋይሉንም አጣሁ። እኔ ምን ሠርቼ ነው?»

«የምን ፋይል?»

እትዬ ጠረጴዛው ላይ አንድ ክብሪት አስቀመጠች። ሳጥኑ ላይ ቀይ አውራ ዶሮ ቆሟል። «ማንበብ የማይችለው ሁሉ ‹ባለ ዶሮውን ስጠኝ› እያለ ነው የሚገዛን። ባሌ ግን አላስመዘገበውም። ‹የገዛ ዶሮዬን ማን ይወስድብኛል?› ይል ነበር። ወሰዱት! ሌላ ድርጅት ይኸው ዶሮ የንግድ ምልክቴ ሆኖ ይመዝገብልኝ ብሎ አመልክቷል። ተቃውሞ የምናቀርብበት ጊዜ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል።»

«ባታቀርቡስ?»

«በገዛ ዶሮዬ ሌባ እባላለሁ። ሁለት መቶ ሠራተኛ ምን ላብላ?»

ማስረጃው አንድ ብቻ ነበር፤ ጋሽ ብሩሽ የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት የሣሉት፣ ቀንና ማኅተም ያለበት የመጀመሪያው ሥዕል። ከሱ ጋር ደግሞ ሽማግሌው ለአዲስ ሳጥን የሚሆን ንድፍ እየሠሩ ነበር፤ ይህንንም አብረው ሊያስመዘግቡት ነበር። ሁለቱም የሉም።

«ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወሉልኝ፤» አለች እትዬ። «‹ዶሮው ዕድሜ ልኩን ቆሞ ደከመው፣ አሁን አንድ እግሩን አነሳሁለት› አሉኝ። ሳቅኩ። የመጨረሻ ንግግራችን ይኼ ሆነ።»

«ይህን ለማን ነገሩ?»

«ለማንም።»

«እንግዲያው እንዳይናገሩ።»

ፋይሉ የት እንደሚቀመጥ የሚያውቁት፣ ከእትዬ ሌላ፣ ሦስት ሰዎች ናቸው። መርፌ አንድ በአንድ ጠራቻቸው።

ጠበቃው ገና ሳይቀመጥ ጮኸ። «ኮፒ አድርጉት ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ! ሦስት ጊዜ! ማን ሰማኝ? እኔ ትናንት ከሰዓት ቢሮዬ ነበርኩ፣ ብቻዬን።»

አታሚው እጁ እስከ ክርኑ ቀለም ነው። «ተጣልተን ነበር፤ አልደብቅም። ሠላሳ ዓመት ያተምኩትን ዶሮ ለምን ይነካሉ ብዬ ነው። አዲሱን አሳዩኝ ብላቸው እንቢ አሉ። ንድፉ ሳይመዘገብ ሰው ካየው አዲስነቱ ይቀራል ብለው እናታቸው ከመቃብር ብትነሳም አያሳዩም። ከማሽኔ አልተነሳሁም፤ ግን ማን ይመሰክርልኛል? ማሽኑ?»

ሦስተኛው የእትዬ ባል ታናሽ ወንድም፣ የሽያጭ ኃላፊው ነው። እትዬ «ዋርሳዬ» ስለምትለው ፋብሪካው ሁሉ ዋርሳ ይለዋል።

«ከሰባት ሰዓት ጀምሮ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳሽግ ነው የዋልኩት፤» አለ። «ፎቅ ላይ ከወጣሁ ወር ይሆነኛል። ምስኪን ሽማግሌ! በዚያ ዕድሜ መሰላል ምን ያደርግላቸዋል?»

ሦስቱም ምስክር የላቸውም፣ ሦስቱም አዝነዋል። መርፌ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። እኩለ ቀን አልፏል። ለጥቂት ጊዜ የክብሪቱን ሳጥን በጣቷ ስታገላብጥ ቆየች። ከዚያ ተነሥታ በስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ያለውን ክብሪት፣ ካርቶንና የግድግዳ ማስታወቂያ ሁሉ አስወጣች፤ ሦስቱንና እትዬን አስጠርታ ባዶ ወረቀትና እርሳስ ሰጠቻቸው።

«የፋብሪካችሁን ዶሮ ሣሉልኝ።»

«ምን?» አለ ጠበቃው። «ሰው ሞቷል፣ ጊዜው እያለቀ ነው፣ እኛ ዶሮ እንሣል?»

«ይሣሉ።»

ዋርሳ ሳቀ። «እኔን ከእንቅልፌ ቀስቅሰሽ ብትጠይቂኝም እሥለዋለሁ። አሥራ አራት ዓመት የሸጥኩት ዶሮ ነው።»

ሣሉ። የጠበቃው ዶሮ እግር የበቀለበት ድንች ይመስላል። እትዬ ሁለት እግርና አምስት ላባ ሣለችና ምንቃሩ ላይ ስትደርስ እንባዋ መጣ። የአታሚው ዶሮ ግን ከሳጥኑ ላይ ተነሥቶ የመጣ ነው፤ አምስት የጅራት ላባ፣ መሬት የቆነጠጡ ሁለት እግሮች፣ ማሽኑ ሁልጊዜ ቀለም የሚያበዛበት ነጥብ ሳይቀር። የዋርሳ ዶሮ ቆንጆ ነበር፤ አንድ እግሩን አንሥቶ ቆሟል።

መርፌ አራቱን ወረቀቶች ደርድራ ዘበኛውንም አስገባችው።

«ጋሽ ብሩሽ ከመሰላል አልወደቁም፤» አለች። «ለማንበብ የሚወጣ ሰው መነጽሩን ኪሱ አይከትም። መነጽራቸውን ያወለቁት ሰው ሊያናግራቸው ስለገባ ነው። የሚያውቁት ሰው። ይህ አንድ። ሁለተኛው፣ የገባው ሰው ሁለት ሥዕል ይዞ ሄዷል፤ አሮጌውንና አዲሱን። አሮጌው ዶሮ በሁለት እግሩ ይቆማል።» የክብሪቱን ሳጥን ከኪሷ አውጥታ መሐል ላይ አስቀመጠችው። «አንድ እግሩን ያነሣው ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሽማግሌው ለማንም አላሳዩም፤ እትዬም የሰማችው በስልክ ነው።»

ሁሉም ወደ ወረቀቶቹ ጎንበስ አሉ። አታሚው መጀመሪያ አየ።

«ዋርሳ!» አለ። «የማን ዶሮ ነው የሣልከው?»

«ተሳሳትኩ! ዶሮ ዶሮ ነው! በእርሳስ አሠቃይታን...»

«አልተሳሳቱም፤» አለች መርፌ። «ያዩትን ነው የሣሉት። አሥራ አራት ዓመት በካርቶን የሸጡትን አንድ ቀን ልብ ብለው አላዩትም። ዶሮውን መጀመሪያ ያዩት ትናንት ነው።»

«ወረቀቱስ የታለ? ፈትሹኝ!»

«እሱም አላስቸገረኝም። በበሩ ሲገባ ላይተር ይነጠቃል፣ ሲወጣ ሰውነትና ቦርሳ ይፈተሻል። ሊያወጡት አይችሉም፤ በክብሪት ፋብሪካ ውስጥ ደግሞ ወረቀት የሚያቃጥል የለም። ቀኑን ሙሉ ካርቶን ሲያሽግ የዋለ ሰው የት ይደብቃል?» ወደ ዘበኛው ዞረች። «መጋዘን ይሂዱና ካርቶኖቹን ሚዛን ላይ ያውጧቸው። ክብሪት ቀላል ነው፤ የፋይል ወረቀት ግን ይከብዳል።»

ዘበኛው ገና ሳይወጣ ዋርሳ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«ልገድላቸው አልነበረም፤» አለ። «ፋይሉን ይስጡኝ አልኳቸው። ተቃውሞ እንደማይመጣ ለዚያ ድርጅት ሰዎች ቃል ገብቼ ነበር። እንቢ ሲሉኝ ገፋኋቸው፣ ማጅራታቸውን የወረቀት መቁረጫው ብረት መታቸው። ከዚያ መሰላሉ ሥር አስተኛኋቸውና ሁለቱንም ሥዕል ይዤ ወጣሁ። ፋብሪካው የወንድሜ ነው! ለእሷ ቀረና እኔ ካርቶን ቆጣሪ ሆንኩ!»

እትዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ፋይሉ ሲመጣ አሥር ሰዓት አልፏል። እትዬ ልትቀበል እጇን ዘረጋች፤ መርፌ ግን ፕላስቲክ ውስጥ ከተተችው።

«የነፍስ ግድያ ኤግዚቢት ነው። መስጠት አልችልም።»

«እሱ ሰረቀኝ፣ አሁን ደግሞ አንቺ ትወስጂብኛለሽ?» አለች እትዬ። «ምን ዓይነት ሕግ ነው?»

«ዋናው ካልታየ ተቃውሞው አይረባም፤» አለ ጠበቃው ራሱን ይዞ።

መርፌ ለራሷ አንድ የማይጻፍ ነገር አጉተመተመች። ሕጉ ከእጇ አይውጣ ይላል፤ እጇ የት መሄድ እንዳለበት ግን አይልም። «መኪና ውስጥ ግቡ!» አለች።

የምዝገባ ጽሕፈት ቤቱ ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ደረሱ። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ጃኬቱን ለብሷል።

«በዓይንህ ታየዋለህ፣ አትነካውም፤» አለችው መርፌ ፕላስቲኩን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ። ሰውየው እሷን አየ፣ ሥዕሉን አየ፣ ቀኑን አነበበ፣ ተቃውሞውን ማኅተም መታበት።

«የአዲሱ ሳጥን ንድፍ ማመልከቻ ደግሞ አልተሟላም፤» አለ። «የንድፉ ሠሪ ሙሉ ስም ይላል።»

እትዬ እስክሪብቶውን አነሣች። «ጋሽ...» አለችና ቆመች። ጠበቃውን አየችው። እሱም አያውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ግቢ ውስጥ ውለዋል፤ ሰላም ብላቸዋለች፣ አብራቸው ስቃለች። ዶሮው ላይ ስማቸውን ያልፈረሙት እሳቸው ነበሩ፤ ስማቸውን ያልጠየቀችው ግን እሷ ናት። ፊቷ ቀላ።

መርፌ ከቦርሳዋ የሟቹን መታወቂያ አወጣች። ጠዋት ከኪሳቸው ስታወጣው ነው ያነበበችው። ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስም፣ የአያታቸውን ስም ቀስ ብላ አነበበችላት።

«ፍጠኑ እንጂ፣ ልንዘጋ ነው!» አለ ሠራተኛው።

«ትንሽ ጠብቅ፤» አለች እትዬ፣ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች። «አሁንስ አስተካክዬ ልጻፈው።»