የመሪጌታው የመጨረሻ ፎቶ

መሪጌታ ቃለ ክርስቶስ ከዕቃ ቤቱ የድንጋይ ደረጃ ሥር በጀርባቸው ተዘርግተው ነበር። ኢንስፔክተር የኔአለም ውበቱ ከመካነ ሰላም በባጃጅ፣ መንገዱ ካለቀ በኋላ ደግሞ ግማሽ ሰዓት በእግሯ ተጉዛ ጨፌ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን የደረሰችው ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የኅዳር ውርጭ በሽማግሌው ጋቢ ላይ ገና አልቀለጠም። ዙሪያውን የቆመው ሰው አንድ ቃል ነው የሚለው፤ «አርጅተው ነበር፤ እግራቸው ከዳቸው።»

የኔአለም ተንበርክካ አየች። የራሳቸው ኋላ ተፈንክቷል፤ ደሙ በታችኛው ደረጃ ጠርዝ ላይ ደርቋል። ይህ መውደቅ ነው። ነጩ ጥምጣማቸው ግን በሥርዓት ተጣጥፎ ከራሳቸው ሥር ተደርጓል።

«የወደቀ ሰው ጥምጣሙን አጣጥፎ አይንተራስም» አለች ቀስ ብላ። «ከእሳቸው ጋር ሰው ነበረ።»

ከዚያ ኪሳቸውን ፈተሸች።

ከእጀ ጠባባቸው የደረት ኪስ ስስ ካሜራ ወጣች፤ ከመዳፍ የማትበልጥ፣ ሌንሷን ወደ ውስጥ ሰብስባ የተዘጋች። የኔአለም ከፍታ የመጨረሻውን ፎቶ ተመለከተች። የተዘረጋ ብራና፣ በገጹ ላይ ያረፈ የፀሐይ ብርሃን፣ ከበስተኋላ የዕቃ ቤቱ በርና ከበሩ አጠገብ የተሰቀለ ጥቁር ልብስ። ጥጉ ላይ ቁጥር አለ፤ 10:20።

«የእኔ ናት» አለች አንዲት ወጣት እንባዋን እየጠረገች። ጸደንያ ትባላለች፤ የአካባቢውን የብራና መጻሕፍት ለመመዝገብ ከደሴ የመጣች ናት። «ለየኔታ ትቼላቸው ሄጄ፣ ዛሬ ልወስዳት ስመጣ ነው እንዲህ ሆነው ያገኘኋቸው።»

የኔአለም ሰዓቱን በልቧ አሰላች። ካሜራ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ አሥር ከሃያ ማለት በእኛ ጠዋት አራት ከሃያ ነው። ሌላ ፖሊስ ቢሆን ይህን ሳያስተውል ያልፍ ነበር ብላ በራሷ ኮራች።

ከመጽሐፉና ከዕቃ ቤቱ ጋር ጉዳይ የነበራቸውን ሦስት ሰዎች በየተራ በደጀ ሰላሙ አስቀምጣ ጠየቀች። መጀመሪያ ጸደንያን።

«ሰበካው መጻሕፍቱን በፎቶ ሊያስቀምጥ፣ ለዚያ የሚሆን ካሜራ ሊመርጥ ነበር» አለች ጸደንያ። «ወይ የወንድዬን ትልቁን፣ ወይ እንደኔ ያለችውን ትንሿን። የኔታ ‹በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱንም እንፈትናቸው› አሉ። ትናንት ጠዋት ተአምረ ማርያሙን ዘርግተን ፈተንን። ስብሰባ ስለነበረብኝ ቀድሜ ወጣሁ፤ እስከ ምሽት መካነ ሰላም ከሠላሳ ሰው ጋር ነበርኩ።»

ቀጥሎ ወንድዬ ገባ። ሃምሳ የደፈነ፣ በመካነ ሰላም ፎቶ ቤት ያለው ሰው ነው። ጎማው የተላጠ ከባድ ጥቁር ካሜራ ከአንገቱ አይለይም።

«ከመሪጌታ ጋር ተጣልተሃል ይባላል።»

«ተከራከርን እንጂ አልተጣላንም። የእኔን ቢመርጡልኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም። ‹የኔታ፣ ይህች የክብሪት ሳጥን ናት ብራና የምታነበው? የእኔ ቢያረጅም ሌንሱ በገጹ ላይ የተሳለውን የሐረግ ጌጥ ቀለም አንድ በአንድ ይለቅማል› አልኳቸው። እሳቸው ሳቁ። ‹እጄ ይንቀጠቀጣል ልጄ፤ ያንተን መሸከም አልችልም። ይህች ከኪሴ ትገባለች› አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«የእኔን ፎቶ አጉልቼ አሳየኋቸው። ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ። ብዙ ዝም አሉና ‹ሂድ፤ ምርጫው ይቆየን› አሉኝ። ወጣሁ።»

«ስንት ሰዓት?»

«አራት ተኩል ገደማ። ወግዲ ሠርግ ነበረብኝ።»

በመጨረሻ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ቄሰ ገበዝ ወልደ ሚካኤል ገቡ። ትከሻው ላይ የተጣፈ ጥቁር በርኖሳቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል፤ ቀና ብለው አላዩዋትም።

«ቁልፉን ረቡዕ ማታ ለመሪጌታ ሰጥቼ ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ በከላላ መንገድ ወዳለ መንደር ለለቅሶ ወጣሁ። ስመለስ መሽቶ ነበር፤ በቀጥታ ቤቴ ገባሁ።»

የኔአለም ወደ ለቅሶው ቤት ስልክ ደወለች። እንደነገሯት ቄሱ ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ከድንኳኑ ውስጥ፣ በርኖሳቸውን እንደ ለበሱ፣ ከሐዘንተኛው ጎን ተቀምጠው ነበር። ስለ ከሰዓቱ አልጠየቀችም። ጠዋት አራት ከሃያ ላይ ከመሪጌታው ጋር የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያም ሰው ከእሳቸው ጋር ተከራክሯል።

«ተነሣ» አለችው ወንድዬን። «አንተን ነው የምፈልገው።»

«ኧረ በማርያም! በሕይወት ትቻቸው ነው የወጣሁት!»

አልሰማችውም። በካቴና አስራ፣ ሰዉ በየስልኩ እያነሳው ወሰደችው። መካነ ሰላም ሲደርሱ ሚስቱ ብዙዬ ከፎቶ ቤቱ በር ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ አየቻቸው። አልጮኸችም። የኔአለም በኋላ ስታስበው፣ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር አለች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መዝገቡን ለማጠናቀቅ ሁለቱን ካሜራዎች ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠች። ለመዝገቡ የሙከራው ሁለት ፎቶዎች ያስፈልጓታል። የትልቁን ከፈተች፤ ያው ገጽ፣ የገጹን ጥግ የያዘ የመሪጌታው አውራ ጣት፤ 09:40። የትንሿን ወደ ኋላ መለሰች፤ ያው ገጽ፣ ያው አውራ ጣት፤ 03:40።

ሁለቱን ካሜራዎች ጎን ለጎን አደረገቻቸው።

ሁለቱ ፎቶዎች የተነሱት በአንድ ደቂቃ ነው። ትልቁ በፈረንጅ ሰዓት ቢቆጥር ጠዋት ሦስት ከአርባ ነው፤ ልክ ነው። ትንሿም በፈረንጅ ብትቆጥር ግን ፎቶው የተነሳው በሌሊት ይሆናል። ለጸደንያ ደወለች።

«ሰዓቷንማ ያን ጠዋት በእኛ አቆጣጠር የሞላሁት እኔ ነኝ» አለች ጸደንያ። «የኔታ የፈረንጁ አልገባ ብሏቸው ‹ልጄ፣ የእኛን አርጊልኝ› ስላሉኝ። ምነው?»

የኔአለም ስልኩን ዘጋች። አሥር ከሃያ ማለት አሥር ከሃያ ነበር። ያለ ምንም ሒሳብ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ከሃያ። ከመቶ ፎቶ አንዱን፣ የመጨረሻውን ብቻ አይታ፣ በብልኅነቷ ተመክታ ሰው አስራለች። በወንድዬ ካሜራ ያሉትን ቀጣይ ፎቶዎች ገላለጠች፤ ሐሙስ ከሰባት ሰዓት እስከ ምሽት ሙሉ የወግዲ ሠርግ ነው። ትናንት ብታየው እዚያው ነበረ። 

ተነስታ ወደ እስረኞች ማረፊያ ክፍሉ ሄደች። ወንድዬ ከግድግዳው ተደግፎ ተቀምጧል።

«አቶ ወንድዬ፣ እርስዎን የበደልኩት እኔ ነኝ። ነፃ ነዎት።»

ቀና ብሎ አያት። «ትናንት ‹አንተ› ነበርኩ። አሁን ነው ‹እርስዎ› የሆንኩት?»

ሁለቱን ካሜራዎች በእጇ ይዛ እንደ ተማሪ ቆመች። «የማላውቀው ነገር አለ» አለች። «የመጠየቅ መብት የለኝም። ግን ስለ የኔታ ብለው ያስረዱኝ። በትልቁ ካሜራ ፎቶ ከመጽሐፉ ኋላ ያለው ሁሉ ጭጋግ ነው። በትንሿ ግን በሩም ልብሱም ጥርት ብሎ ይታያል። ለምን?»

ወንድዬ እጁን ዘረጋና ትንሿን ተቀበላት።

«ትልቁ ሌንሱ ሰፊ ነው፤ በተለይ በጨለማ ክፍል ውስጥ ያነጣጠረበትን አጥርቶ የኋላውን ያደበዝዛል። ለቁንጅና ነው። እንዲህ ያሉት ትናንሾቹ ግን መምረጥ አይሆንላቸውም፤ የቅርቡንም የሩቁንም አብረው ያሳያሉ። እኔ ሁልጊዜ የምንቃቸው ለዚህ ነበር።» የመጨረሻውን ምስል አጉልቶ በፎቶው ውስጥ ወዳለው በር ወሰደው። ተንፍሶ መለሰላት። «እርስዎ ራስዎ ይዩት።»

አየችው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም በደጀ ሰላሙ ተሰበሰቡ። ካህናቱ፣ የሰበካው ሽማግሌዎች፣ ጸደንያ፣ ወንድዬና ብዙዬ። ቄሰ ገበዝ ወልደ ሚካኤል ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። የኔአለም በቅዳሴው ሰዓት ስታያቸው ነበር። መቅደስ አልገቡም፤ ከውጭ ከግንቡ ተጠግተው እንደ ማንኛውም ምእመን ቆመው ነው ያስቀደሱት።

«በራሴ ጥፋት እጀምራለሁ» አለች። «አቶ ወንድዬን ያሰርኩት ሰዓት አሳስቼ ነው። የኔታ የሞቱት ጠዋት መስሎኝ ነበር። ፎቶው ግን ከሰዓት በኋላ አሥር ከሃያ የተነሳ ነው። ሰዓቱን ባልረዳ እንኳ ፀሐዩ ሊነግረኝ ይገባ ነበር። የዕቃ ቤቱ መስኮት አንድ ነው፤ ወደ ምዕራብ። ጠዋት ፀሐይ አይገባበትም። በፎቶው ግን ብርሃኑ ገጹ ላይ ተኝቷል።»

አንድ ሽማግሌ «እውነት ነው» አሉ።

«በዚያ ሰዓት ጸደንያ ስብሰባ ላይ ነበረች። አቶ ወንድዬ ወግዲ ሙሽራ ያነሱ ነበር። የለቅሶው ቤት ሰዎች ደግሞ ትናንት ስጠይቃቸው ‹ቄሰ ገበዝ ሰባት ሰዓት ላይ በቅሏቸውን ጭነው ተነሱ› አሉኝ። ያ መንገድ በበቅሎ ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሳይመሽ ደርሰዋል።»

ቄሱ ከትከሻቸው የማይወርደውን የቆዳ የመጽሐፍ ማኅደር ወደ ደረታቸው ሳቡ።

«ፎቶው የሚያሳየው ሦስት ነገር ነው። መጽሐፉ ላይ በምላጭ የተቆረጠ ገጽ ጉርድ፣ ከስፌቱ ሥር የቀረ ጠርዝ አለ። የኔታ ያንን ጉርድ መጀመሪያ ያዩት ጠዋት፣ በአቶ ወንድዬ ትልቅ ካሜራ ላይ ሲጎላ ነው፤ ዝም ያሉት ለዚህ ነበር። ሁለተኛው ብርሃኑ ነው። ሦስተኛው ከበሩ አጠገብ የተሰቀለው ልብስ።» ወደ በሩ ዞረች። «አባ፣ ሐሙስ ጠዋት ለቅሶ ላይ ለብሰውት የነበረው በርኖስ አሥር ሰዓት ላይ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ተሰቅሏል። ትከሻው ላይ የተጣፈው ጨርቅ ሳይቀር ይታያል። ፎቶው ሲነሳ እርስዎ እዚያ ነበሩ።»

ቄሰ ገበዝ ቀስ ብለው ተነሱ። ማኅደሩን ከፍተው በጨርቅ የተጠቀለለ ብራና አወጡ። ሥዕሉ የእመቤታችን ነው ማለት የሚቻለው ከሰማያዊው ቅሪት ብቻ ነበር፤ ቀለሙ ፈስሶ ፊቷ የለም።

«የዛሬ ሦስት ዓመት ክረምት» አሉ፤ ድምፃቸው ለመሰማት ያስቸግራል። «አልታየች የምትባለው ልጄ ለሞት ደርሳ ነበር። መጽሐፉን ማንም ሳያየኝ ወደ ቤት ወሰድኩት፤ ላነብላት። በመንገድ ዝናብ መታኝ። ልጄ ዳነች። ሥዕሏ ግን እንዲህ ሆነች። አፈርኩ። ቆርጬ ደበቅሁ። ከዚያ ወዲህ መቅደስ አልገባሁም፤ ጉልበቴን ያመኛል ስላችሁ ኖርኩ።»

«የኔታ ምን አሉዎት?»

«አልተቆጡኝም። ጉርዱን በዚያች ካሜራ ፎቶ አነሱና ኪሳቸው ከተዋት ‹እሑድ አንተው ንገራቸው፤ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ› አሉኝ። ይህን ነው ያሉኝ! እኔ ግን ‹ያጥፉት› ብዬ ከበሩ ላይ እጃቸውን ያዝኩ። ተመንጭቀው በደረጃው ላይ ወደ ኋላ ወደቁ።»

«ከዚያስ?» አለች የኔአለም። መልሱን መስማት አልፈለገችም።

«ትንፋሻቸው ነበረ።» ቄሱ እንደ ሕፃን ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። «ጥምጣማቸውን አንተራስኳቸው። ሰው ልጠራ ሮጥኩ። ከቅጽሩ በር ስደርስ ‹ምን ሆኑ ቢሉኝ ምን እላለሁ?› አልኩ። እዚያው ቆምኩ። ቆሜ ቆሜ... ቤቴ ገባሁ።»

ጸደንያ በቀስታ ታለቅሳለች።

የኔአለም ወደ ወንድዬ ዞረች። በሕዝብ ፊት ከወገቧ ዝቅ ብላ፣ «ይቅር ይበሉኝ፤ እርስዎም ብዙዬም» አለች።

«ሰምቻለሁ» አለ ወንድዬ። ብዙዬ ፊቷን አዞረች። የኔአለም ተጨማሪ ነገር የመጠበቅ መብት እንደሌላት አወቀች።

ቄሱን ይዛ ስትወጣ ወሬው ቀድሟት ኖሮ ቅጽሩ በሰው ተሞልቷል። ስልኮች ከየኪሱ ወጡ፤ እጆች ተነሱ። ቄሰ ገበዝ ጥምጣማቸው ወልቆ፣ የሚገቡበት አጥተው ቆሙ። ወንድዬ ሕዝቡን እየገፋ መጣና ከፊታቸው ተገተረ።

«አስቀምጡ!» አለ። «ዓርብ ዕለት እኔንም እንዲሁ አንስታችሁኛል፤ ሚስቴ በየስልኩ አይታኛለች። ሃያ ዓመት ሰው ሳነሳ ኖርኩ፤ ያፈረ ሰው አንስቼ አላውቅም። አስቀምጡ ብያለሁ!»

አንድ እጅ ወረደ። ቆይቶ ሌላው። ከዚያ ሁሉም።

የኔአለም ካቴናውን አላወጣችም። ቄሱን በቀኝ ክንዳቸው ደገፈች፤ ወንድዬ ሳይጠየቅ በግራ ያዛቸው። በተከፈተላቸው መንገድ ሦስቱ ወደ ታች ወረዱ። ከመካከላቸው ቀና ብሎ የሄደው ወንድዬ ብቻ ነበር።