«በላት» ያለው ድምፅ

እኔ በመንፈስ በምናምን አምኜ አላውቅም፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለን ዶርም ውስጥ ስለ ቡዳ ሲወራ መጽሐፌን ይዤ የምወጣ ሰው ነበርኩ፣ ስለዚህ ያጋነንኩ እንዳይመስላችሁ።

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በየታክሲው ይከፈት የነበረውን፣ ተቀባይዋ «በለው፣ በለው» እያለች የምታሞቀውን ዘፈን ካስታወሳችሁ፣ ያቺ ተቀባይ እኔ ነኝ። ቡድን የሚባል ነገር አልነበረም፣ ካሴቱ ላይ ያለውን ስም ያወጡት ባለስቱዲዮው ጋሽ ወርቁ ናቸው። የዘፈነችው የዶርም ጓደኛዬ ኤልሳ ናት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ከዘፈን ሌላ ምኞት አልነበራትም፣ ኦርጋን የተጫወተው እጮኛዋ ዳንኤል ነው፣ እኔ ሰው ፊት መቆም ስለማልችል ከኋላ መቀበል ብቻ።

ስቱዲዮው ጎፋ፣ ግድግዳው የእንቁላል ካርቶን የተለጠፈበት ሰርቪስ ቤት ነበር። ከሰዓት በኋላ ቀድተን ስንሰማው፣ መጨረሻው ላይ ከእኔ «በለው» ቀጥሎ አንድ ወፍራም ድምፅ «በላት» ይላል።

«አንቺ፣ ጉንፋን ያዘሽ እንዴ?» አለች ኤልሳ እየሳቀች።

«እኔ አላልኩም።»

«ታዲያ ማን ነው፣ ኦርጋኑ?»

ዳንኤል አልሳቀም። እንደገና ቀዳን፣ እመኑኝ እያንዳንዷን ቃል ተጠንቅቄ ነው ያወጣኋት፣ ስንሰማው ግን «በላት» ሁለት ጊዜ ሆኗል፣ ደግሞ ቀርቧል፣ ትንፋሹ ጭምር ይሰማል።

«ይሄማ ያምራል፣ እንዳትነኩት» አሉ ጋሽ ወርቁ።

ዳንኤል ተነሣ፣ የማይክሮፎኑን ማቆሚያ ብረት አነሣና ኤልሳን ፊቷን መታት። ፊቱ ላይ ንዴት የለም። ቴፑ እየዞረ ነው፣ እሱም ኦርጋኑ ላይ በተሞላው ከበሮ ምት ይመታታል፣ ከበሮው ሲያርፍ ያርፋል፣ ሲጀምር ይጀምራል፣ መንጋጋዋ ሲሰበር ከዘፈኑ በላይ ተሰማኝ። ጋሽ ወርቁ የቴፑን ገመድ ከሶኬት ሲነቅሉት ብረቱ ከእጁ ወደቀ።

«ምን ሆና ነው?» አለ፣ ደሙን እያየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ አይደለሽ እንዴ በላት ያልሽኝ?»

እሱ ታሰረ። ጋሽ ወርቁ ያንኑ ቅጂ አወጡት፣ ሰውም ወደደው፣ ታክሲ ውስጥ «በላት» የሚለው ጋ ሲደርስ ወንዶች አብረው ጮኸው ይሳሳቁ ነበር። ሁለተኛ ዘፈን ግን አልኖረም፣ የኤልሳ አፍ እንደ ድሮው አልከፈት አለ።

ካሴቱ ከመውጣቱ በፊት፣ በሳምንቱ፣ ላፍቶ እናቷ ቤት ሄጄ ጠየቅኳት። መንጋጋዋ በሽቦ ስለታሰረ በጥርሷ መሃል ነበር የምታወራው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቀየሚኝም?» አለችኝ።

«ጠይቂኝ፣ እህቴ።»

«እሱ ሲመታኝ፣ አንቺ ለምን ታጨበጭቢ ነበር?»

ብረቱን ልነጥቀው ስታገል ነበር ልላት አፌን ከፈትኩና፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አብጠው እስክሪብቶ መያዝ ያቃታቸውን መዳፎቼን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅኳቸው።